የአላውሃ ባንድ ብቸኛ ዘፈን

እኔ ሰው ሲዘፍን በቀላሉ የምደነቅ አይደለሁም። መርሳ ላይ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ካሴት ስቀዳና ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬ ጠግቧል። በተለይ አንድ ኪቦርድ ብቻውን ከበሮም እኔ፣ ዋሽንትም እኔ፣ መሰንቆም እኔ የሚልበት ዘመን ከመጣ ወዲህ አዲስ ካሴት የምሰማው ግዴታዬ ስለሆነ ብቻ ነው። ደንበኞቼ ጠባዬን ያውቁታል። «ሲራክ፣ ጥሩ ነው?» ይሉኛል። «ይሸጣል» እላቸዋለሁ። ጥሩ ነው ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ስለዚህ በ1994 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ስም ያልተጻፈበት ካሴት ቀልቤን ሲወስደው መጀመሪያ ያፈርኩት እኔው ነኝ።

ካሴቱ የመጣው ከወልድያ ነው። አቶ ገብረእዝጊ የሚባሉ ነጋዴ ሻይ ቤታቸውን ዘግተው ልጆቻቸው ዘንድ ቆቦ ሊገቡ ሲሉ፣ ቤቱ ሆቴል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አንድ ካርቶን አሮጌ ካሴት «ውሰደው፣ ቢያንስ ባዶ ካሴት ይሆንሃል» ብለው ሰጡኝ። እውነታቸውን ነው። በእኛ ሥራ አሮጌ ካሴት ማለት አናቱ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በወረቀት ደፍነህ ሌላ ዘፈን የምትቀዳበት ነው። እኔ ግን ሳልሰማ አልደመስስም። የአባቴ ምክር ነው ብል ደስ ባለኝ፤ አንድ ጊዜ የሰው ሠርግ አጥፍቼ በእናት በአባቴ ከተሰደብኩ ወዲህ የያዝኩት ልማድ ነው።

ከፈትኩት። መጀመሪያ አንድ ጊታር አራት ጊዜ ወጣ ወረደ። ድራሙ ተከተለው፤ ከዚያ አኮርዲዮን። ምቱ የዚያን ዘመን የዳንስ ምት ነው፣ ጎፈሬያቸውን አበጥረው ቤል ቦቶም ለብሰው የሚወዛወዙበት። ዜማው ግን አምባሰል ነው። አምባሰል ከተቻኮሉበት ይሰበራል ብዬ ነበር የማምነው። እነዚህ ልጆች ተቻኩለውበታል፤ አልተሰበረም። «ይኼን ማን ነው ያስደፈራቸው?» ብዬ ወንበሬን ሳብኩ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ቀጭን፣ የልጃገረድ ድምፅ፤

ውርጌሳ ላይ ቆሜ መንገዱን ሳይ ውዬ፣
አቧራው ደረሰኝ፣ ሰው ይመጣል ብዬ።

«ሰው» ከማለቷ በፊት አንዲት ትንፋሽ ታህል ዝም ትላለች። ባንዱም አብሯት ዝም ይላል። ስሰማው እኔም ትንፋሼን ይዤ ነበር። መጮህ ማንም ይችላል። መቼ ዝም እንደሚባል የሚያውቅ ዘፋኝ ግን በእነዚህ አሥራ ስድስት ዓመታት ውስጥ ስንት ገጥሞኛል ብትሉኝ፣ የአንድ እጄን ጣት አልጨርስም። ቀጠለች፤

ልብ እንደ መኪና መሪ የለው ኖሮ፣
ካልኩት ሌላ ሄደ ዳገቱን ተሻግሮ።

ይኼን ቢሮ ተቀምጦ የጻፈው ገጣሚ የለም። መኪና አላስነሳ ብሎት ዳገት ላይ የገፋ ሰው ነው የጻፈው። አኮርዲዮኑ ደግሞ በየቤቱ መጨረሻ ላይ ጣልቃ ይገባና፣ እንደ ጥሩ አማች ሁለት ቃል ተናግሮ ይወጣል። ዘፈኑ አራት ደቂቃ አይሞላም። ሲያልቅ ወዲያው አጠነጠንኩትና ደገምኩት። ሰለስኩት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ ሠርቼ ከሆነ እግዜር ያውቃል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ያችን ዘፈን በሞንታርቦ ወደ መንገዱ ለቀቅኳት። ሞንታርቦው የቀበሌ ስብሰባ ሲኖር የሚከራዩኝ ነው፤ ሰው ድምፁን ሲሰማ መጀመሪያ ለማዳበሪያ ስብሰባ የተጠራ እየመሰለው ይሸሽ ነበር። ኋላ ለመዱት። የገባውን ሁሉ «ይችን ልጅ ታውቋታላችሁ?» እላለሁ። ማንም አያውቃትም። ከግራና ብርቱካን ጭነው የሚመጡት አያውቋትም፤ የሐራ ሰዎች አያውቋትም። ለሠላሳ ዓመት ያህል አንድም ሰው ያላስታወሳት ልጅ! ተናደድኩ። አገሩ ሁሉ የበደላት መሰለኝ።

ከሱቄ ፊት ለፊት ከመንገዱ ማዶ የጋሽ ይርጋ ጋራዥ አለ። ጋሽ ይርጋ ከሃምሳ ዓመት ትንሽ ያለፉ መካኒክ ናቸው፤ ከደሴ እስከ ቆቦ ያለ የጭነት መኪና ሾፌር ሞተሩ ሲታመም የሚያስበው እሳቸውን ነው። የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት እንቅርታቸው አድጎ ሊያፍናቸው ሲል በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው፤ ነፍሳቸው ተረፈች፣ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ከእሳቸው ጋር ለመነጋገር ሞተር መጥፋት አለበት። ዘፈኗን ስከፍት ጋሽ ይርጋ የሚሠሩትን ጥለው አንድ መኪና ሥር ሲገቡ አያለሁ። ሥራ በዝቶባቸው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ተሻግሬ፣ «ጋሽ ይርጋ፣ አንቱ የድሮ ሰው ነዎት፤ ይችን ልጅ አያውቋትም?» አልኳቸው።

ከመኪናው ሥር እግራቸው ብቻ ነበር የሚታየኝ። «አላውቃትም» አሉኝ በሹክሹክታቸው።

በመጨረሻ ፍንጩን የሰጠኝ አንድ የአውቶብስ ሾፌር ነው። ዘፋኟን አያውቃትም፤ ጊታሩን ግን አወቀው። «ይኼ አመታት የፍቅሩ ነው። ወልድያ መለዋወጫ የሚሸጠው ፍቅሩ። በልጅነቴ ሆቴል ደጃፍ ቆሜ ሰምቸዋለሁ» አለኝ። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ወልድያ ወጣሁ።

ጋሽ ፍቅሩ ሳቂታ፣ ደንዳና ሰው ናቸው፤ የጎማ ከመነዳሪ መደርደሪያ ጀርባ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ይዤ የሄድኩትን ትንሽ ቴፕ ከፈትኩላቸው። ጊታሩ እንደ ጀመረ ፊታቸው በራ። ድምፁ ሲመጣ ግን ጠረጴዛውን እየደበደቡ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ወይዘሪት ይርጋ! ኧረ ወይዘሪት ይርጋ ናት! ከየት አገኘሃት በሞቴ?»

«የምን ወይዘሪት ይርጋ? ልጅቱ ማን ናት?» አልኩኝ።

«የምን ልጅ? እኛ ጋ ሴት አልነበረችም። ይኼ ይርጋ ነው፤ የመርሳው መካኒክ!»

ከዚያ ነገሩኝ። አላውሃ ባንድ ይባሉ ነበር፤ በስልሳ ስድስት ዓ.ም.። አምስት ጎረምሶች። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያው አቶ ገብረእዝጊ ኋላ ሻይ ቤት ባደረጉት ሆቴል አዳራሽ ይጫወታሉ። ይርጋ ቀን የመካኒክ ረዳት ነው፣ ማታ ዘፋኝ። ዘፈኖቹንም የሚገጥመው እሱ ነው። ሸክላ የሚያሳትም ነጋዴ አዲስ አበባ እንዳለ ሰሙና ድምፃቸውን ቀድተው ሊልኩለት አሰቡ። አንድ ሰው ቴፕ አዋሳቸው፤ በዚያን ጊዜ ወልድያ ውስጥ እንዲህ ያለ ቴፕ ያየ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተሰብስበው አንዷን ዘፈን ቀዱ። ማታ መብራት ሲመጣ ቴፑን ከግድግዳው ሰኩና ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ከፈቱት።

«ከዚያማ ምኑን ልንገርህ! ይርጋ እንዲህ ግድንግድ ያለ ጎረምሳ ነው፤ ከቴፑ የምትወጣው ግን አንዲት ኮረዳ ናት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሪት ይርጋ ያልኩት እኔ ነኝ። ስሙ በዚያው ጸደቀበት።»

«በማይክ ሲዘፍኑ ትሰሟቸው አልነበረም እንዴ? እንዲህ ነበር ድምፃቸው?»

«አልነበረም እንጂ። ግን ያ ማይኩ ነው፣ አዳራሹ ነው አልን። ፎቶ የማይቀበለው ፊት እንዳለ ሁሉ ቴፕ የማይቀበለው ድምፅ አለ ይባል ነበር። ቴፕ ይዋሻል ብሎ የሚያስብ ማን አለ? እሱም አመነ። ለካ ስታቆላምጡኝ ነው የኖራችሁት አለን። ማይኩን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይርጋ ሲዘፍን የሰማ ሰው የለም። እሱ ከሌለ ባንዱም ወር አልቆየ።»

አሁንም ፈገግ እያሉ ነበር። እኔ ግን የምገባበት ጠፍቶኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ያውም በሞንታርቦ፣ ሰውየው ተስቆበት የወጣበትን ዘፈን ጋራዡ ደጃፍ ላይ ስጮህበት ከርሜአለሁ። ድምፁን ያጣ ሰው ላይ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚሉት ይኼንን ነው። መርሳ ተመልሼ ከአውቶብሱ ስወርድ ወደ ውርጌሳ የሚወስደውን መንገድ እንኳ ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

በማግስቱ ሞንታርቦውን ወደ ውስጥ አስገባሁት። ጋሽ ይርጋ ያን ቀን መኪና ሥር አልገቡም። ከሰዓት በኋላ የመጣችው ልጃቸው ናርዶስ ናት፤ እዚሁ መርሳ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

«ጋሽ ሲራክ፣ የዚያችን ልጅ ዘፈን ምነው ተዉት? እኔ ደብተር ሳርም እሷን ነበር የምሰማው» አለችኝ።

«ቴፑ በላው» አልኳት። ዓይኗን ሳላይ።

በዚያው ሳምንት መብራት ጠፋ፤ ሁለት ቀን ሙሉ። መብራት የሌለበት ካሴት ቤት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ አልልም፣ ሰዉ ሁሉ ያውቀዋል። ዘፈኗን ከመንገድ አወረድኳት እንጂ ከሆዴ አላወረድኳትም። ልሰማት አማረኝ። ትንሿ ቴፕ ውስጥ ያሉት ባትሪ ድንጋዮች ሞተዋል። አዲስ ልገዛ ስል ሰንፌ፣ ሁላችንም እንደምናደርገው አወጣኋቸውና ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሰጣኋቸው። ድሮ አባቴ ሬዲዮውን ለዜና ሰዓት የሚያደርሰው እንዲህ ነበር፤ ሲብስም በጥርሱ ነከስ ያደርጋቸዋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሞቅ ያሉትን ድንጋዮች መልሼ ከተትኩና ካሴቱን ከፈትኩ።

ጊታሩ ጎተት እያለ መጣ። ድንጋዩ አልያዘም ብዬ ላጠፋው እጄን ስሰድ ድምፁ ገባ። የወንድ ድምፅ ነው።

ውፍረቱ ተራ ውፍረት አይደለም፤ ደረት ያለው፣ ሳይቸኩል የሚራመድ ድምፅ ነው። ትንሽ ቆይቶ ድንጋዩ ይበልጥ ሲደክም ድምፁም አብሮ ሰጠመና ተንጫጭቶ ዝም አለ። እኔ ግን የምሰማውን ሰምቼ ጨርሻለሁ። ደንቆሮው እኔ! አሥራ ስድስት ዓመት ካሴት የቀዳሁ ሰው ይኼ ሳይገባኝ! ቴፑ ሲቀዳ በደከመ ድንጋይ ቀስ እያለ ዞሮ ከሆነ፣ በደህና ኃይል ስትከፍተው ይሮጣል፤ የሮጠ ድምፅ ይቀጥናል። ጊታሩም ቀጥኖ ነበር። አኮርዲዮኑም ቀጥኖ ነበር። በአኮርዲዮኑ ግን ማንም አልሳቀም።

ከሱቁ ወጥቼ ወደ ቴሌ ሮጥኩ።

«ጋሽ ፍቅሩ፣ ያን ቀን ስትቀዱ ቴፑ የሚሠራው በምን ነበር?»

«በድንጋይ ነዋ። ቀን መብራት የት አለና።»

«አዲስ ድንጋይ?»

«ኧረ የምን አዲስ! ወልድያን ዞረን አጥተን እኔ ራሴ የሆቴሉ ቆርቆሮ ላይ አስጥቼ…» ብለው ቆሙ። «እንዳያልቅብን ብለን እኮ ቀን መልሰን እንኳ አልሰማነውም» አሉ ቀስ ብለው። መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ናቸው፤ የሞተር ነገር ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ሲራክ» አሉኝ በመጨረሻ፤ የዚያን ቀን ሳቃቸው ከድምፃቸው ጠፍቷል። «እንዳትነግረው።»

«እንዴት?»

«አሁን ምን ልትመልስለት ነው? ድምፁ የለም። እሱ ዱሮም አልነበረኝም ብሎ ተቀምጧል። ነበረህ፣ ያውም እንደዚያ ያለ፣ ፍቅሩ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ስላሰጣ በከንቱ ጣልከው ልትለው ነው? የሌለውን ሰው ሁለት ጊዜ ትዘርፈዋለህ። በእኔ ይሁን፣ ኃጢአቱን ለእኔ ተወው።»

ስልኩን አስቀምጬ ወደ ሱቄ ስመለስ ጋሽ ይርጋ ከመንገዱ ማዶ እጃቸውን በናፍጣ እየታጠቡ ነበር፤ በአገጫቸው ሰላም አሉኝ። የሰው ነገር ይዤ የምዞር ሌባ መሰልኩ። ብነግራቸው ጨካኝ ነኝ፤ ባልነግራቸው ደግሞ በውሸቱ የጋሽ ፍቅሩ ተባባሪ ነኝ። ሦስት ቀን እንዲህ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ለሚገባው ደንበኛ ሁሉ ተቆጣሁ።

አርብ ዕለት ናርዶስ ተመልሳ መጣች፤ ባዶ ካሴት ይዛ። «ቴፑ የበላው ተጠግኖ ከሆነ ያችን ዘፈን ይቅዱልኝ» አለች። ሁለተኛ ልዋሻት አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣ አለኝ። ቁጭ በይ አልኳትና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ጋሽ ፍቅሩ ያሉትን ጨምሬ፣ ነገርኳት።

«የአባቴን ድምፅ አላውቀውም፣ ጋሽ ሲራክ» አለች። «ሲታመም አምስት ዓመቴ ነበር። አስታውሳለሁ እያልኩ ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ የሚመጣልኝ ሹክሹክታው ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ አባትሽ ሲጠራኝ ከመስኖው ማዶ እሰማው ነበር ትለኝ ነበር። ተረት ይመስለኝ ነበር።»

«እንንገራቸው ነው የምትይው? ቢጎዳቸውስ?»

«ይጎዳው ይሆናል። ግን የእሱ ነው እኮ። የገዛ ንብረቱን እናንተ ለሁለት ተመካክራችሁ ልትደብቁበት?»

መምህር አይደለች፣ እንደ ተማሪ አንገቴን ደፋሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዛቸው መጣች። ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ቅዳሜን ሙሉ ስዘጋጅ ነው የዋልኩት። የትልቁን ቴፕ ጀርባ ፈትቼ፣ የሞተሩን ፍጥነት የምታስተካክለውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ እያጠበቅሁና እያላላሁ ይበቃል ባልኩት ቦታ አቁሜአታለሁ። ናርዶስ በአጭሩ ነገረቻቸው። ጋሽ ይርጋ ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። ከፈትኩላቸው።

«ውርጌሳ ላይ ቆሜ» ሲል የወንድ ድምፅ ነው። እስከ ግማሹ ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ። ሹክሹክታቸውን ለመስማት ተጠጋሁ።

«ለማጽናናት ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

«ኧረ በጭራሽ፣ ጋሽ ይርጋ…»

«ቴፕ ካዘገየኸው ሴቷም ወንድ ትሆናለች። ይችን ናርዶስን ብትቀዳትና ብታዘገያት ቄሰ ገበዝ ትሆናለች። የሞተር ፍጥነት ለእኔ ነው የምታስተምረኝ? የት ላይ ማቆም እንዳለብህ በምን አወቅህ?»

እውነታቸውን ነው። በጆሮዬ ደስ ያለኝ ቦታ ላይ ነው ያቆምኩት። የጋሽ ፍቅሩን ድንጋይ ነገር ደጋግሜ ነገርኳቸው፣ የአኮርዲዮኑን ነገር ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዜር ይስጥህ። ልብህ ጥሩ ነው» አሉኝና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ሄዱ። ናርዶስ ክንዳቸውን ይዛ ነበር።

ስንከራከር ዘፈኑ አልቋል። እኔ ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ድምፅ እንደ ጠፋች አጠነጥነዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ማን ያስታውሰው፣ ካሴቱ መዞሩን ቀጠለ። ጋሽ ይርጋ አንድ እግራቸውን ከደጃፉ ካወጡ በኋላ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እሱ ምንድን ነው?»

ሳዳምጥ ከቴፑ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የመኪና ድምፅ ይመጣል። ሲቀዱ ከአዳራሹ ውጭ የቆመ መኪና ኖሯል፤ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ቆሞ፣ ጸጥ ባለ ቁጥር የሚሰማ።

ጋሽ ይርጋ ተመለሱ። «ኤንትሬ ነው፣ ከባዱ የጭነት መኪና» አሉ። «እህል ሊያወርድ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ሾፌሩን አጥፋልን ብለነው እንቢ አለን።» ጆሯቸውን ወደ እስፒከሩ ጠጋ አደረጉ። ፊታቸውን ቋጠሩ። «ይኼ ግን ኤንትሬ አይደለም። እንዲህ የሚሮጥ ሚኒሞ የለውም። ካቻቢቴውን ስጠኝ።»

ሰጠኋቸው። መሬት ላይ ተንበርክከው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሌላ ጊዜ መኪና ሆድ ውስጥ ሲያደርጉት እንደማየው፣ ግራ እጃቸውን ቴፑ ላይ አሳርፈው በቀኛቸው ብሎኗን በትንሽ በትንሹ ማላላት ጀመሩ። ሞተሩ ወፈረ። አሁንም ጥቂት ጨመሩ። እኔ ካቆምኩበት እጅግ አልፈው ሄዱ፤ አበዙት ብዬ ልናገር ስል ያ የታወቀው የከባድ መኪና ምት፣ እያንዳንዱ ለብቻው እስኪቆጠር ድረስ፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም እያለ ሱቁን ሞላው። እጃቸው ቆመ።

«ይኼ ነው» አሉ። «ይኼን ሞተር ስንት ጊዜ አውርጄ ሰቅዬዋለሁ። ሰው ሊያጽናናኝ ይችላል፤ ኤንትሬ አያጽናናኝም።»

ካቻቢቴውን አስቀመጡ። ማጠንጠኛውን ግን አልነኩም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ፤ ፈርተው ነበር፣ በግልጽ ይታይ ነበር። ያጠነጠነችው ናርዶስ ናት።

ያን ጊዜ የሰማሁትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ለካ የዳንስ ምት የመሰለኝ ዳንስ አልነበረም፤ ባንዱ አልተቻኮለም ነበር። ጊታሩ ይራመዳል፣ አኮርዲዮኑ ሙሉ ደረቱን ይተነፍሳል፣ ድራሙ አንድም ጊዜ አይቀድምም። በዚያ ላይ ያ ድምፅ! እኔ ካሰብኩት የወፈረ፣ ግን ያልከበደ፤ ታች ወርዶ ሳያጉረመርም፣ ላይ ወጥቶ ሳይጮህ የሚቆም። ከሸክላ እስከ ካሴት ስንቱን ሰምቻለሁ፣ ስንቱን ሸጬአለሁ፣ እንዲህ ያለውን አልሰማሁም። ጥሩ ነው። ይኸው ተናገርኩ፤ ጥሩ ነው፣ ወሎ ካፈራቸው ድምፆች ሁሉ ጋር ተቀምጦ የሚበላ ድምፅ ነው።

ናርዶስ ግን ቴፑን አልነበረም የምታየው። ዓይኗን ስከተል የጋሽ ይርጋ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ቃሎቹን አንድ በአንድ እያሉ ነው። ከጉሮሯቸው ምንም አይወጣም፤ ድምፁ ከእስፒከሩ ነው የሚመጣው፤ ግን አፋቸው ሲከፈትና ድምፁ ሲመጣ ልዩነት አልነበረውም። «ካልኩት ሌላ ሄደ» ሲሉ አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ ተዘረጋ። ናርዶስ በሁለት እጇ አፏን ይዛ፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ ሲዘፍን አየች።

አለቀ። ኤንትሬው ትንሽ ዱም ዱም አለ፤ እኔ ቴፑን አጠፋሁት። ጋሽ ይርጋ ጉንጫቸው እርጥብ ነበር። የጋሽ ፍቅሩ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ፤ ሁለት ጊዜ ትዘርፈዋለህ ያሉኝ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ይርጋ» አልኩ። «ባልነግርዎት ይሻል ነበር።»

ተው እንደ ማለት እጃቸውን አነሱ። የሚናገሩት ለልጃቸው ነበር፤ ለመስማት መጠጋት ነበረብኝ።

«ሐኪሙ ድምፅህ አይመለስም ሲለኝ ምንም አልመሰለኝም ነበር» አሉ። «እናትሽ ስታለቅስ ተቆጣኋት። የምን ድምፅ ነው የሚለቀስለት፣ ድሮም ሰው የሳቀበት ነው አልኳት። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላዘንኩለትም።» እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መልሶ መጣ፤ ሁለተኛ አልጠረጉትም።

«ድገሚውማ» አሏት። «ልቅሶውን ልድረስ።»

ናርዶስ ማጠንጠኛውን ተጫነች።